መቶ አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ

ዶክተር ኔሬይዳ ፔሬያን ተቀምጣ ያያት ሰው በኪብዶ ከተማ የለም። ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ስልክ ቆማ ታወራለች፤ የሆስፒታሉ የወላዶች ክፍል ኃላፊ ሲስተር ማቲልዴ እንደምታማት ከሆነማ እንቅልፏንም የምትጨርሰው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን ሁለት ፎቅ ይወጣል። አንገቷ ላይ በፋሻ ክር የታሰረች እርሳስ አለች። እስክሪብቶ አትወድም። በአትራቶ ወንዝ ዳር ዝናቡ አያባራም፣ ወረቀቱ ሁልጊዜ እንደረጠበ ነው፣ ቀለም ደግሞ ወዲያው ይንዠቀዠቃል።

ሥራዋ አስቸጋሪ እርግዝና ነው። ግፊቷ ጣሪያ የነካ፣ የሽርት ውሃዋ ቀድሞ የፈሰሰ፣ ካሁን በፊት ሦስቴ ያስወረዳት ሴት ሁሉ ወደ እሷ ትላካለች። ኔሬይዳ እነዚህን ሴቶች አስተኝታ ከቀን ጋር ትደራደራለች፤ አንድ ቀን ሆድ ውስጥ የቆየ ልጅ ሳምባው በአንድ ቀን ይጠነክራልና። ቀኑ ሲያልቅ ታዋልዳለች። ልጁ መዳፍ ቢያክልም ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ ይለጠፍና በሰፊ ጨርቅ ይታሰራል፤ ሌት ተቀን እዚያው ይሞቃል፣ እዚያው ይመገባል፣ እዚያው ያድጋል። የማሞቂያ ሣጥኖቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። በደረት ማሞቁን ግን የጀመሩት የገዛ አገሯ የኮሎምቢያ ሐኪሞች ናቸው፤ ይህን ስታወራ አገጯ ወደ ላይ ቀና ይላል።

ብትኮራም አይፈረድባትም። ሥራውን ስትጀምር ከእነዚህ ሕፃናት ግማሹ ይሞት ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ከቆዩት መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ወፍሮ ይወጣል። ከዋና ከተማው ከቦጎታ የመጡ ፕሮፌሰሮች ክፍሉን ዞረው አይተው፣ "በዚህ መሣሪያ ነው ይህን ሁሉ ያደረጋችሁት?" ቢሏት፣ "በመሣሪያ ማን አላችሁ? በነዚህ ነው" ብላ አልጋ ላይ የተደረደሩትን አሥራ አራት እናቶች አሳየቻቸው።

አንድ ነገር ግን እንደ እሾህ ይወጋት ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ቤተሰቦች፣ ልጁ ገና ሳይጠና፣ ሐኪም እየለመናቸው ይዘውት ሄደዋል። ከአርባ ሦስቱ ሕፃናት ሃያ ስድስቱ ሞተዋል። ለምን እንደሚሄዱ ለማወቅ ጥናት ጀመረች፤ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅታ በሞተር ጀልባ መንደር ለመንደር ዞረች። መንገዱ ርቆባችሁ ነው? ቤት የቀሩ ልጆች አሉ? ባል ከልክሎ ነው? ሰዎቹ በአክብሮት ተቀበሏት፣ ቦሮሆ የሚባለውን የአገሩን ፍሬ ጭማቂ አጠጧት፣ የጠየቀቻቸውን ሁሉ መለሱላት። መልሶቹ ግን አንዱ ከአንዱ አልገጥም አሉ። ሩቅ ያለው ቆይቷል፣ ቅርብ ያለው ሄዷል። ድሃው ቆይቷል፣ ሱቅ ያለው ሄዷል። አንድ ፕሮፌሰር "ባለማወቅ ነው ብለሽ ዝጊው" ብሎ ጻፈላት። ኔሬይዳ ደብዳቤውን ቀዳድዳ ጣለችው።

ከዚያ የዳርሊን ነገር መጣ።

ዳርሊን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከላይኛው ወንዝ የስድስት ሰዓት የጀልባ መንገድ ተጉዛ ሆስፒታል ስትደርስ እርግዝናዋ ሃያ ሰባት ሳምንት ነበር፤ ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ብዥ ይልባታል። ተረኛው ወጣት ሐኪም ዛሬውኑ ትውለድ አለ። ኔሬይዳ "ሦስት ሳምንት ስጠኝ" አለችው፣ ቀኑን እሱ ኪስ ውስጥ ይዞት እንዳለ ሁሉ። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ግፊቷን በገዛ እጇ ስትለካ፣ ለሕፃኗ ሳምባ የሚሆነውን መርፌ ስትወጋ፣ ዳርሊንን በቀልድ ስታስቃት ቆየች። በሃያ አንደኛው ቀን ግፊቱ አልታዘዝ ሲል በቀዶ ሕክምና አንዲት ሴት ልጅ አወጣች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ግራም። ልጅቷ አንድ ጊዜ እንደ ድመት ግልገል ጮኸች።

"እሰይ! አፍ አላት!" አለች ኔሬይዳ ጭምብሏ ሥር ሆና።

ልጅቷ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ኔሬይዳ ወደ ክፍሉ ስትገባ፣ የዳርሊን እናት ዶኛ ፓስቶራ ልብስ እያጣጠፉ በፌስታል ሲከቱ አገኘቻቸው። ዶኛ ፓስቶራ ከወንዝ ወርቅ ሲያጥቡ ያረጁ፣ ክንዳቸው እንደ ወንድ የጠነከረ ሴት ናቸው።

"ወዴት ነው?" አለች ኔሬይዳ።

"ወደ ቤታችን ነዋ፣ ዶክተር። በስምንት ሰዓቱ ጀልባ።"

"ምን ጎደለብዎት?"

"ኧረ ምንም። እግዜር ይስጥልን።"

"ምግቡ ነው?"

"ምግቡ ጨው ያንሰዋል እንጂ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የቤት ጉዳይ አለብን።"

"ከዚህች ልጅ የሚበልጥ ምን የቤት ጉዳይ አለ?"

"የራሷው ጉዳይ ነው" አሉ ዶኛ ፓስቶራ፣ ቀና ብለውም አላዩአት።

ኔሬይዳ ስትቆጣ ጥሩ ሰው አይደለችም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። "ልጅቷ ገና መጥባት አትችልም፤ ወተት የምትወስደው በቱቦ ነው! ስድስት ሰዓት በጀልባ፣ በዚህ ዝናብ! ልጅ የሚወስዱ መሰለዎት? ሬሳ ነው የሚወስዱት!"

ዳርሊን ጨርቁን ደረቷ ላይ አጠበቀች። "እናቴ ናት፣ ዶክተር" አለች ቀስ ብላ። "እሷ ካለች አለች ነው።"

ዶኛ ፓስቶራ ፌስታሉን ቋጠሩ። "ብዙ ተምረዋል፣ ዶክተር" አሉ። "እግዜር ይጠብቅዎት።"

ኔሬይዳ በስድስት ሰዓት እንደ ልማዷ ሁለት መንገድ ተሻግራ እናቷ ቤት ምሳዋን ልትበላ ሄደች። እናቷ ዶኛ ኦቲሊያ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። ኔሬይዳ ሳህኗን ይዛ መስኮቱ ሥር ቆማ የተጠበሰውን ሙዝ እያኘከች የጠዋቱን ሁሉ አወራቻቸው።

"እትብቷ ወደቀ?" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

"የማን?"

"የልጅቷ ነዋ! የኔማ ከወደቀ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ።"

"ጠዋት በክር ተንጠልጥሎ ነበር። ዛሬ ወይ ነገ ይወድቃል። ምን አገናኘው?"

ዶኛ ኦቲሊያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ወይ የተማረ ሰው! እምብርቷን ሊያክሙላት ነዋ የሚወስዷት! እትብት በወደቀበት ቀን እምብርቷ ካልታከመ ልጅቷ ምን ይዛ ልታድግ ነው? ባዶዋን? እዚያ እንዳያክሟት አንቺ በር ላይ ያንን ቀይ ጽሑፍ ሰቅለሻል። ምን ያድርጉ?"

ኔሬይዳ ማኘኳን አቆመች።

"አንቺን አያትሽ በጉንዳን ነበር ያከመችሽ" ቀጠሉ እናቷ። "ያችን ቅጠል ተሸካሚዋን ጉንዳን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ እንደ ጉንዳን የማትደክሚ እንድትሆኚ እምብርትሽ ላይ ነሰነሰችው። እኔ ያኔ 'እናቴ፣ ብዙ አትነስንሺባት፣ መቀመጫ ታጣለች' ብያት ነበር። ሰማችኝ? ይኸው፣ ምሳሽን እንኳ እንደ ፈረስ ቆመሽ ትበያለሽ።"

ኔሬይዳ ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ደብተሯን ከጋዋኗ ኪስ አወጣች። አርባ ሦስቱ ልጆች እዚያ ውስጥ ናቸው። ሲስተር ማቲልዴ ሥርዓት ወዳድ ስለሆነች በየልጁ ስም ትይዩ "እትብት የወደቀበት ቀን" የሚል ዓምድ ሞልታ ነበር፤ ኔሬይዳ አንድም ቀን አንብባው አታውቅም። አሁን ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደች። ወደቀ፣ ሄዱ። ወደቀ፣ በማግስቱ ሄዱ። ነገ ሊወድቅ ነው፣ ዛሬ ሄዱ። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳ ዘጠኙ።

ጽሑፉን የሰቀለችው ራሷ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ሕፃን እምብርቱ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት መንጋጋ ቆልፍ ይዞት እጇ ላይ ሲሞት፣ በዚያው ቀን በቀይ ቀለም ጻፈች፦ "እምብርት መንካት ክልክል ነው። ዱቄት ይዞ የተገኘ ይባረራል።" የተባረረ ሰው ግን አልነበረም። ሰዎቹ ጽሑፉን አንብበው በትህትና ልጃቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። እሷም ተከትላቸው ቤታቸው ሄዳ ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ነው ወይስ ቅጠል፣ ስንት ዶሮ አላችሁ ብላ ጠይቃለች። ስለ እምብርት አንድም ጥያቄ አልነበራትም። ቦጎታ ስትማር የክፍሏ ልጆች "እውነት እናንተ አገር ሕፃን ላይ ነፍሳት ይነሰንሳሉ?" ብለው ሲስቁባት "እኔ እንደዚህ ያለ ነገር አላውቅም" ብላ ነበር። ብላ ብላ ረሳችው። አፈረች።

"እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?"

"ሰባት ተኩል። ሙዙን ጨርሺ እንጂ!"

ሆስፒታል ስትደርስ አልጋው ባዶ ነበር። ሲስተር ማቲልዴ ቱቦውን ለማውጣት እምቢ ብትል ዶኛ ፓስቶራ ራሳቸው እንዳወጡት፣ ወተቱን በጠብታ አጠጣታለሁ እንዳሉ ነገረቻት። ኔሬይዳ ወደ ወንዙ ሮጠች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ዝናቡ እየወረደባት፣ ጋዋኗ ከጉልበቷ ላይ እየተጣበቀ፣ የሙዝና የዓሣ ነጋዴዎቹን እየገፋች። አንዷ ዓሣ ሻጭ "ዶክተር፣ ማን ነው የሚወልደው?" ብላ ጮኸችባት።

ዳርሊንና እናቷ ወደቡ ላይ ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ነበሩ። ኔሬይዳ መጀመሪያ እጇን አድርቃ በዳርሊን ጨርቅ ውስጥ አስገባች። ልጅቷ ሞቃለች። ትተነፍሳለች። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዞሯል፣ እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ታጥፈዋል፤ ልክ እንዳስተማረቻቸው። ዳርሊን ታለቅስ ነበር።

ዶኛ ፓስቶራ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። ኔሬይዳ ግን ትንፋሿን ሰብስባ፣

"እማማ ፓስቶራ" አለች፣ "የልጅቷን እምብርት በምን ሊያክሙላት አስበው ነበር?"

ይህን የሚጠይቅ ዘመድ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። ዶኛ ፓስቶራ እጃቸውን ከወገባቸው አወረዱ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከዶኛ ፓስቶራ አፍ "እርስዎ" ቀረ።

"የኦቲሊያ ፔሬያ። የየስኪታ ሰፈሯ።"

"አንቺስ በምን ታከምሽ?"

ኔሬይዳ ይህን ጥያቄ ከመለሰች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። "በጉንዳን" አለች፣ ጮክ ብላ፣ ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ እንዲሰሙ። "በቅጠል ተሸካሚዋ።"

ዶኛ ፓስቶራ በዝናቡ መሐል ሳቃቸውን ለቀቁት። "ዳርሊን! አላልኩሽም? ይቺ ሴትዮ የጉንዳን ናት አላልኩሽም?" ከዚያ ከደረታቸው አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አወጡ። "ወርቅ ነው። በገዛ እጄ ከወንዝ ያጠብኩት። ዳርሊን ስታረግዝ ጀምሮ ይዤዋለሁ።"

"ይመለሱልኝ" አለች ኔሬይዳ። "እትብቷ ሲወድቅ እዚያው፣ በእርስዎ እጅ ይታከማል። ሁለት ነገር ብቻ ልለምንዎ። ወርቁ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የምንቀቅልበት ማሽን ውስጥ ይግባ። ወርቅ እሳት እንደማይጎዳው ከኔ በላይ ያውቃሉ። ደግሞ ቁስሉ ላይ ሳይሆን ከንጹሑ ጨርቅ በላይ ይነስነስ።"

"ከጨርቅ በላይ? ታዲያ እንዴት ይገባላታል?"

"የእርስዎ ወርቅ ከሆነ መንገድ አያጣም።"

ዶኛ ፓስቶራ አልሳቁም። ቋጠሮዋን በእጃቸው እያገላበጡ ወንዙን አዩ። የጀልባው ሞተር ተነስቷል። "ከዳርሊን በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በስምንተኛ ቀኑ መንጋጋው ተቆልፎ ሞተ። ከየት እንደገባበት ማንንም አልጠየቅሁም። ፈራሁ።" ቋጠሮዋን ለኔሬይዳ ዘረጉላት። "ይቀቀል። ጽሑፉን ግን ራስሽ ታወርጂዋለሽ። ሁሉም እያየ።"

"አወርደዋለሁ።"

"ጠዋት ሬሳ አልሽኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ክፉ ነገር ተናገርኩ።"

"የጉንዳን ሰው ይነክሳል፣ ምን ይደረጋል" አሉና ፌስታሉን አሸከሟት።

ጀልባው ያለ እነሱ ሄደ። ዳርሊን ወደ አልጋዋ ስትመለስ ሲስተር ማቲልዴ ቱቦውን መልሳ አስገባች፣ ልጅቷም ወተቷን ወሰደች። ኔሬይዳ ወንበር አስመጥታ ቆመችበትና ቀዩን ጽሑፍ ገነጠለች። ዘጠኝ ዓመት የተለጠፈ ነገር በቀላሉ አይለቅም፤ ግማሹ እየተቀደደ፣ ግማሹን በጥፍሯ እየፋቀች አወረደችው። እናቶቹ ሁሉ አዩ። ከዚያ አንደኛዋ ከትራሷ ሥር አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት አወጣች። የነብር ጥፍር ዱቄት ነበር። ሌላዋ ከጡት ማስያዣዋ ውስጥ የዓሣ አጥንት መዘዘች፤ ልጇ ዋናተኛ እንዲሆንላት። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ሲስተር ማቲልዴ ራሷን ያዘች።

"ዶክተር፣ እኔ ይህን ሁሉ መዝገብ ላይ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? 'ነብር፣ አንድ ቁንጥር'?"

"እንደሱ ብለሽ ጻፊ" አለች ኔሬይዳ።

እትብቱ በማግስቱ ጠዋት ወደቀ። ዶኛ ፓስቶራ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና አምስት ደቂቃ ሙሉ ታጠቡ፤ ኔሬይዳ ሰዓት ይዛ ቆማባቸው ነበር፣ እሳቸውም በተራቸው እሷን አስታጠቡ። ዶኛ ኦቲሊያም ሳይጠሩ በከዘራ መጥተው የፊት ወንበር ይዘዋል። ሲስተር ማቲልዴ ከማሽኑ የወጣችውን የወርቅ እሽግ በብረት ትሪ ላይ አድርጋ፣ ለትልቅ ቀዶ ሕክምና እንደምታቀርብ ሁሉ በጓንት አቀረበች። ኔሬይዳ የልጅቷን እምብርት አጽድታ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። እናቶቹ በአገራቸው ዜማ ማዜም ጀመሩ፤ የታሰሩት ሕፃናት በደረታቸው ላይ ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ አሉ።

ዶኛ ፓስቶራ እሽጉን ከፈቱና እጃቸውን አቆሙ። "ቆይ" አሉ። "አንድ ነገር ጎድሏል። ያቺ አንገትሽ ላይ ያለችው።"

"እርሳሷ?"

"እርሳሷ። ሃያ አንድ ቀን ልጄ አጠገብ ቆመሽ በሷ ስትጽፊ አይቻለሁ። እኔ አልጻፍኩም፣ ዳርሊንም ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። ይቺ ግን ትጽፋለች። ያንቺን ክፍል ትይዛለች። ቅረጪልኝ።"

ኔሬይዳ በቀዶ ጥገና ምላጭ የእርሳሷን ጥቁር ጫፍ ፋቀች፤ ትንሿ ብናኝ በወረቀት ተጠቅልላ ወደ ማሽኑ ሄደች፤ እስክትመለስም ሁሉም ጠበቀ።

"ወርቁስ ይቅር?" አለች ሲስተር ማቲልዴ።

"ለምን ይቀራል?" አሉ ዶኛ ፓስቶራ። "የተማረች ድሃ ልናደርጋት ነው?"

ወርቁንም ጥቁሩንም በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ከጨርቁ በላይ ነሰነሱት። ኔሬይዳ በላዩ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ አሰረችው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ሁሉንም አየቻቸውና አዛጋች።

ያን ጊዜ ዶክተር ኔሬይዳ ፔሬያ የዳርሊን አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ዜማው ተቋረጠ። ሲስተር ማቲልዴ ትሪውን ጥላ ሮጣ መጣች።

"ዶክተር! ምን ነካዎት? አመመዎት?"

"አላመመኝም" አለች ኔሬይዳ፣ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች። "ኮርቼ ነው። ተዪኝ።"

ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ከአንድ መቶ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ሥር፣ ጫፏ በተፋቀችው እርሳስ፣ አንድ መቶ አሥራ ሦስተኛውን ጻፈች፦ የልጁ እምብርት በምን እንዲታከም ትፈልጋላችሁ? ከፊቱ የመጀመሪያውን መልስ አሰፈረች፦ በወርቅና በእርሳስ። የዳርሊንን ልጅም በዝርዝሩ ላይ አርባ አራተኛ አድርጋ አስገባቻት፤ "ይዘውት የሄዱበት ቀን" የሚለው ዓምድ ላይ ግን ረጅም መስመር አሰመረችበት።